የጾም ቀን ቀማሽ

ወንድሜ የምግብ ውድድር ቪዲዮዎችን አይቼ እንድፈርድለት የጠየቀኝ በፍልሰታ ነው። ሚስቱ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጁ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ዓይኗን ከስልክ ላይ አትነቅልም። የምታየውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዎች በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ያበስላሉ፣ ከዚያ ዳኞች ቀምሰው ይፈርዱባቸዋል።

«አንተ ታነባለህ» አለኝ። «ለልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም? አይተህ ንገረኝ።»

እኛ ከተማ አንድ ሰው ጥቂት መጻሕፍት ካነበበና አልፎ አልፎ ከጻፈ፣ የማይፈርድበት ነገር የለም ተብሎ ይታመናል። እኔ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ውፍረት እንኳ ተጠይቄ አውቃለሁ። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ወስነው ነው የሚመጡት፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ተቃራኒውን እነግራቸዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ለተቃራኒነት ቦታ አልነበረም። ቤቱ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል።

ታላቅ እህታችን ስልኩ ይቀማ ባይ ናት። አምና የወንድሜን ሚስት ለማስታመም ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ፣ ከለቅሶው በኋላም ልጅቱን ትታ መሄድ አልሆንልሽ ብሏት እሱ ቤት ቀርታለች።

«ምነው፣ እህልን እንዲህ መጫወቻ ሲያደርጉት አታይም?» አለችኝ። «ደግሞ በጾም! ቅቤው፣ ዕንቁላሉ፣ ሥጋው ፊቷ ሲዘረገፍ ነው የሚውል። በአፏ ባትገድፍ በዓይኗ ገድፋለች።»

«እትዬ፣ ስልኩን ብቀማት ምን ታደርጋለች?» አለ ወንድሜ። «ቁጭ ብላ በሩን ነው የምታየው።»

ልጅቱ እናቷ የወጣችበትን በር ስታይ ሁላችንም አይተናታል።

እንግዲህ አንድ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሶፋው ላይ ከልጅቱ ጎን ተቀመጥኩ። ክሱን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ማስረጃውም አላስቸገረኝም። የእኔን ክንድ የሚያህል ቢላዋ የያዘ ልጅ ሽንኩርት እየከተፈ ካሜራውን ያያል። አንዲት ሴት ያረረባትን ምግብ ከነመጥበሻው ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለች፤ በመንደራችን ለስንት ሰው ይበቃ እንደነበር ማሰብ አልፈለግሁም። አንድ ወፍራም ዳኛ የቀመሰውን በናፕኪን ይተፋል፣ ያበሰለው ልጅ ያለቅሳል፣ ተመልካች ያጨበጭባል። ሰው በአደባባይ ሲዋረድ ማየት ድሮም የነበረ መዝናኛ ነው፤ አሁን ሽሮ መሥሪያ ትምህርት መስሎ መጣ እንጂ።

«ይሄኛውን ሰውዬ አልወደውም» አለች ልጅቱ።

«ስለሚተፋ?»

«አይ። ሲያላምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። ያስመስላል።»

«ምን የሆነ?»

«ያወቀ።»

ያኔ ነው እጇን ማየት የጀመርኩት። ዳኛው ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ቪዲዮውን ታቆመዋለች። ትመልሰዋለች። እንደገና ማንኪያው ይነሳል፣ አፍ ይከፈታል፣ ታቆመዋለች። ከዚያ ለቃ የዳኛውን የመጀመሪያ ቃል ትሰማና ወደ ሌላ ቪዲዮ ታልፋለች። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደተባረረ አታይም። ፍርዱን አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው ስትሰማ አላየኋትም።

«መጨረሻውን አትፈልጊውም?» አልኳት።

መልስ በመስጠት ፈንታ ጠየቀችኝ። «አጎቴ፣ እንዴት ነው የሚያውቁት?»

«ምኑን?»

«ጨው እንዳለው። አንዴ ብቻ ቀምሰው።»

«ይለምዱታላ።»

«እኔም ለምጄ ነበር» አለች።

በእኛ ቤቶች በጾም ወጥ የምትሠራ ሴት ሠርታ አትቀምስም። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ አፏ የተዘጋ ነው። ስለዚህ ያልጾመ ልጅ ይጠራና «እስቲ ጨዉን ቅመሽልኝ» ይባላል። ልጅ መዳፉን ዘርግቶ ጠብታውን ይልሳል፣ «ይበቃዋል» ወይም «ጨምሪበት» ይላል፣ ትልልቆቹም ቃሉን ይቀበላሉ። እኔም በልጅነቴ በዚህ ሥልጣን ተንጠባርሬያለሁ።

አምና በዚህ ቤት ቀማሿ እሷ ነበረች። ድስቶቹ ግን ሁለት ነበሩ። ትልቁ የቤተሰቡ ሲሆን ትንሹ የእናቷ ነው። እናቷን የያዛት የኩላሊት በሽታ ስለነበር ሐኪሙ ጨው አጥብቆ ከልክሏል። የንስሐ አባቷ ስለ ሕመሟ እኩለ ቀን ላይ እንድትበላ ፈቅደውላታል፤ ግን አፏ መሮ ስለነበር ጨው ይኑረው አይኑረው መለየት አትችልም። ለይታ የምትነግራት ልጇ ናት።

ልጅቱ ስልኩን ጭኗ ላይ ገልብጣ ነገረችኝ። አንድ ቀን አክስቷ፣ እህቴ፣ በትንሹ ድስት ጨው ጨምራ እንደሆነ ተጠራጠረች። ሰው ሊጠይቅ መጥቶ ነበር፣ ቸኩላለች። «ቅመሽና ንገሪኝ፣ ቶሎ» አለቻት።

«ቀመስኩት። አላወቅሁትም። እንደገና ቀመስኩት። ያለውም የሌለውም መሰለኝ። አክስቴ ቆማ ታየኛለች። "የለውም" አልኩ።»

«እሺ።»

«እማዬ ሁሉንም በላችው። ጣፈጠኝ አለች። ከዚያ እግሯ አበጠ።»

ከዚያ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያም አልተመለሰችም። ይህን እሷ አልተናገረችውም፣ እኔም አልጨመርኩበትም።

ማለት የሚገባውን አልኳት። የእናትሽ በሽታ ቀድሞም ከብዶ ነበር፣ ሐኪሞቹም ያውቁ ነበር፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ ሰው አይገድልም አልኳት። እውነትም ነው። «እሺ» አለችኝ፤ ልጆች ትልቅ ሰው እንዳይከፋው ሲሉ በሚሉት ዓይነት። ከዚያ ስልኩን አንስታ ሌላ ዳኛ ፍለጋ ገባች።

ከዚያ በኋላ ክሶቼ ሁሉ ረገፉብኝ። ቢላዋውም፣ የሚጣለው ምግብም፣ ልቅሶውም ተራ ነገር ሆኑ። አንድ ክስ ብቻ ቀረኝ። በእነዚያ ሁሉ ቪዲዮዎች ውስጥ ቀምሶ «አላውቅም» የሚል አንድ ዳኛ የለም። ልጅቱ ያንን አንድ ሰው ስትፈልግ ነው ክረምቱን ያሳለፈችው።

ለወንድሜ በረንዳው ላይ ነገርኩት። የምጠብቀው ልቅሶ ነበር፤ እሱ ግን ጫማውን ያይ ጀመር።

«እኔ እቤት ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን እቤት ነበርኩ።»

ገባኝ። ወንድሜ አይጾምም። በፍልሰታም በሁዳዴም ረፋድ ላይ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ላውንጅ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ ቤት ሲገባ ግን ጾመኛ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃል። እህቴ ታውቃለች። ሸሚዙ ላይ የሚንጠባጠበውን ወተት የምታጥበው እሷ ናት። ልጅቱም ሳታውቅ አልቀረችም። ማንም ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ጨዋ ቤተሰብ ነን። ድስቱን «እስቲ አንተ ቅመስልን» ማለት ሁሉም የሚያውቀውን ጮክ ብሎ መናገር ነውና፣ እሱ ሳሎን ተቀምጦ ልጅቱ ተጠራች።

ዘንድሮ ደግሞ ልጅቱ ጾም ጀምራለች። እህቴ ተደስታ «ሸጋ ልጅ ወጣት፣ ማንም ሳያዛት!» ስትል ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ቀማሽ ስለጠፋ ወጡ አንድ ቀን ጨው በዝቶበት ባሕር ሲሆን፣ አንድ ቀን ጨው አጥቶ ውሃ ሲሆን፣ ስለ ጽድቋ ብለን በልተን ነበር። ለምን እንደጾመች አሁን ለሁለታችን ግልጽ ሆነ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ እህቴ ማዕድ ቤት ምስር ወጥ እያማሰለች ነበር። ልጅቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ስልኩ በእጇ። ወንድሜ ገባና ጭልፋውን ከእህቴ እጅ ወሰደ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች።

«ልቀምስ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እህቴ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ የድስቱን ክዳን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። እሱም በጭልፋው ጫፍ ትንሽ ቀዳ፣ እፍ አለ፣ ቀመሰ።

ልጅቱ ስልኩን አስቀምጣ ተነሳች።

«ትንሽ ጨው ሳይፈልግ አይቀርም» አለ።

«እንደዚያ አይባልም» አለችው ልጅቱ። ድምጿ ጠንካራ ነበር። «አለው ወይስ የለውም?»

እንደገና ቀመሰ። ዓይኑን አልጨፈነም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ረጅም ጊዜ አፉ ውስጥ አቆየው። እህቴ እንኳ ፊቷን መለሰች።

«አላውቅም» አለ።

ልጅቱ ትንሽ ቆማ አየችው። ያን ዓመት ሙሉ ሳታለቅስ የቆየችው ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔም አላውቅም ነበር፣ አባዬ» አለችው።