መሪጌታ ፊደል የቆጠሩበት ፊልም

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ አንድ ሸበቶ የፊልም አዘጋጅ በቴሌቪዥን የሕይወት ታሪኩን ሲያወራ አየሁ። ከካሜራ ተሸካሚነት ተነሥቶ እስከ ስቱዲዮ ሥራ አስኪያጅነት የደረሰበትን ሁሉ ተረከ። ለሹመት ያበቃው በእኔ አገር በመካነ ሰላም የሠራው የመሠረተ ትምህርት ፊልም እንደሆነ ተናገረና፣ «አንድ ገበሬ ሽማግሌ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ በደስታ አለቀሱ፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም» አለ። የጠቀለልኩትን እንጀራ ትሪው ላይ መለስኩት።

እኒያ ሽማግሌ አጎቴ መሪጌታ ዘለቀ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ ዳዊት ብራና ላይ በእጃቸው የሚገለብጡ ሊቅ ነበሩ። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ እሸት ሆኖ፣ የደሴ መንገድ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ ያ ፊልም አዘጋጅ በላንድሮቨር መጣ። ያቀረብንለትን እሸት እየቃመ የሰዉን ፊት ያማርጥ ጀመር። የአጎቴን ጢም ሲያይ ሌላ ሰው አልፈልግም አለ። ፊልሙ ላይ እሳቸው ማንበብ የማይችል ገበሬ ይሁኑና እኔ ላስተምራቸው ነው። አጎቴ አይሆንም አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጎን ወሰዳቸውና፣ እምቢ ካሉ ተማሪዎቻቸው ለጦር ሜዳ እንደሚመዘገቡ ነገራቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው ተመለሱ።

ሰሌዳው ፊት ቆመው ስማቸውን ሲጽፉ ግን እንደማያውቅ ሰው ለመጻፍ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ልክ እንደ ብራናው አሳምረው ጻፉት። ሰውዬው ፊደሉን በደንብ አይቶ ካሜራውን አስቆመ።

«አባባ፣ ያበላሹት እንጂ። አንቺ ደግሞ እጃቸውን ይዘሽ አጽፊያቸው» አለኝ።

ያዝኩ። ተገድጄ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ፊልም ላይ መታየቱን ወድጄው ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ ምሪኝ» አሉኝ አጎቴ ቀስ ብለው።

አጣመን ጻፍነው። ያኔ ነው ያለቀሱት። ሰውዬው ካሜራው ወደ እንባው እንዲጠጋ በእጁ ጠቆመ።

ፊልሙ ከወራት በኋላ በከተማው አዳራሽ ሲታይ ሰው ሳቀ። ወሬው አጎራባቹ ከላላ ወረዳ ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ በእግር እየመጡ ቅኔ ይቀጽሉ የነበሩት ተማሪዎች ቀሩ። አጎቴም የጀመሩትን ዳዊት ሳይጨርሱ ሞቱ። ለምን እንደተውት ጠይቄያቸው፣ «እጄን አፈርኩበት» ብቻ ነው ያሉኝ።

ያንን ዘመን አውቀዋለሁ። እኔም ፈርቻለሁ፣ ሊቀመንበሩም የበላዮቹን ይፈራ ነበር፤ ምናልባት ሰውዬውም። ለፍርሃቱ ይቅር እለው ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳያስገድደው፣ የጻፉትን በዓይኑ እንዳላየ፣ እኒያን ሊቅ ዳግመኛ መሃይም አደረጋቸው። አሁን ማንን ፈርቶ ነው?