ከቅጥሩ ውጭ ያረፈው ሃንጋሪያዊ

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርባት ከዘመሮ ከተማ የተነሣሁት ለማስተርጎም ነው። ኢሎና የምትባል ሃንጋሪያዊት በጓሳ ዳር ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተቀበረውን የአባቷን አጽም ወደ አገሯ ልትወስድ መጥታለች። አባቷ በደርግ ዘመን መንዝ ውስጥ በጎች ሲያክም የኖረ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ እሷ ሕፃን ሳለች ታሞ እዚሁ አረፈ። የመንግሥት ፈቃድ ይዛለች፤ የቀራት የአገሬው ፈቃድ ነው። እኔም የታሪክ መምህር ነኝና ስለ ሃንጋሪ ከባለ አገሯ አንደበት ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

በጓሳ መንገድ

ሚኒባሱ ካወረደን በኋላ በእግር ሄድን። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል፤ ጤዛ ያዘለው የጓሳ ሣር ሱሪ ያረጥባል። ከአንድ ረዥም የጅብራ ተክል ሥር አረፍ ብለን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ስለ አገሯ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት።

ሃንጋሪያውያን ራሳቸውን «ማጃር» ይላሉ። ከሺህ ዓመት በፊት ከምሥራቅ፣ ከኡራል ተራሮች ወገን በፈረስ መጥተው የካርፓቲያ ተራሮች በከበቡት ሜዳ ሰፈሩ። ቋንቋቸው ከጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ጋር አይዛመድም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኛው ግዛታቸው ለጎረቤት አገሮች ተሰጠ፤ ብዙ ማጃሮችም ከአዲሱ ድንበር ውጭ ቀሩ።

«የአባቴ መንደር ዛሬ የሮማኒያ ነው» አለች። «አያቴ ከቤቷ ሳትነቃነቅ አገሯ ጥሏት ሄደ።»

በቅጥሩ ጥግ

የአገሩ ሽማግሌዎች የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ይጠብቁን ነበር። የፈረሰውን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደገና ሊሠሩ ድንጋይ ከምረዋል፤ ለመሠረቱም ገመድ ወጥረዋል። መቃብሩ ከገመዱ ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ውጭ ነው። አጠገቡ ኢሎና የቀጠረቻቸው ቆፋሪዎች አካፋ ይዘው ቆመዋል።

ኢሎና ስለ አባቷ የትውልድ ምድር ስትናገር፣ ማሳመር አማረኝና «ርስት» ብዬ ተረጎምኩት።

«ርስት? የት ጋ?» አሉ የሽማግሌዎቹ ዋና፣ አያ ደምሰው። «መምህር፣ ይቺ ሴትዮ መሬት ልትካፈለን ነው እንዴ የመጣችው?»

«ኧረ የለም! ያገሯን ማለቴ ነው።»

«ይሁና! አቅኚ አባታቸው ማነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በመንዝ ርስት የሚጠየቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ትውልድ ተቆጥሮ ነው። እኔም ስለ ፈረሰኞቹ፣ ከዚያም ስለ ተቆረጠው ግዛት አስረዳሁ። ሳቁ ቆመ።

«አባትሽ በተወለደበት ዘመድ አለው?» ሲሉ ጠየቁ የደብሩ ካህን፣ ቄስ ተክሌ።

«ማንም የለም። እኔ ወደምኖርበት ከተማ ነው የምወስደው።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

አያ ደምሰው በዝግታ ተናገሩ። «አንከለክልሽም፤ አጽም ማፍለስ የልጅ ወግ ነው። ግን አንቺ ስታልፊ ማን ያስበዋል? እዚህ ይሄ ሜዳ ‹ሐኪም ሜዳ› ነው የሚባለው። በጎቻችንን ያዳነ ሰው ነው።»

ኢሎና ወደ መቃብሩ ዞረች። «ታዲያ ለምን ከቅጥር ውጭ ተዋችሁት? እዚያም ከድንበር ውጭ ነው፤ እዚህም።»

ቄስ ተክሌ አንገታቸውን ደፉ። «የሃይማኖታችን ሰው ስላልነበረ ነው፣ ልጄ።»

አያ ደምሰው ተነሡ። ገመዱ የታሰረበትን ካስማ ነቅለው ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ ተከሉት።

«ቄስ ተክሌ፣ ግንቡ ገና አልተጀመረም» አሉ።

«ለቤተ ክህነት እናመለክታለን» አሉ ካህኑ። ካስማውን ግን አልመለሱትም።

ኢሎና መቃብሩ ሳይነካ ቆፋሪዎቹን አሰናበተች።

ወደ ቤት

እሑድ ዘመሮ ገባሁ። ሰኞ ክፍል ውስጥ የሃንጋሪን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሳልኩ። ድንበር ማስመር ለእኔ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። ያን ቀን ግን ጠመኔው እጄ ላይ ዘገየ፤ መስመሩ እነማንን ውጭ እንዳስቀረ ለተማሪዎቼ ሳልናገር አልዘጋሁትም።