ብቻዋን አልበላም ያለችው ባክቴሪያ

ዛሬ ጠዋት ወልቂጤ ላብራቶሪያችን ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። የጥበቃው ጋሼ «ማን አገባ?» እያሉ መጡ።

ብልቃጡ ደፍርሷል! ባክቴሪያዬ ተራባች ማለት ነው።

ሚቴን ጋዝ የምትበላ ናት፤ ከአረቅጥ ረግረግ ነው ያመጣኋት። ጎበዝ ነኝና ከሌሎቹ ተህዋስያን ለይቼ ብቻዋን አስቀመጥኳት። እየመነመነች ደጋግማ ሞተችብኝ። አማካሪዬም ርዕስ ቀይሪ ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ጎረቤቶቿን መለስኩላት። እሷ ሚቴኑን በልታ የተረፋትን ታካፍላቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ ራሷ መሥራት የማትችለውን ቫይታሚን ይሰጧታል።

ወዲያው እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ የአገራችን ልጅ አይደለች! እኛስ እንሰት ብቻችንን ፍቀን እናውቃለን?» አለችኝ።

ኮርቻለሁ ወገን! እናንተስ፣ ብቻችሁን እምቢ ብሏችሁ ጎረቤት ሲጨመር የሰመረላችሁ ምንድን ነው? እስቲ ጻፉልኝ።