አንድ ፔርሙዝ በረዶ

ቢቸና ከተማ ጋራዥ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው የሻረግ ሰውየውን ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ እግሩ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ነጠላ ጫማ አድርጓል። ፔርሙዝ በብብቱ ሸጉጦ አሮጌ ኮሮላው አጠገብ ቆሟል። ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም።

መካኒኩ ከሞተሩ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን የሚያጠፋት ይሄ ሴንሰር ነው፤ ሲሞቅ ሥራ ያቆማል። መለዋወጫው እዚህ የለም። ሲቀዘቅዝ ግን ትነሳለች።»

«ሞጣ ታደርሰኛለች?»

«እየቆሙ፣ እያቀዘቀዙ።»

«አውቶቡሱም ሄዷል» አለ ሰውየው፤ ፔርሙዙን ጠበቅ አደረገው። «ልጄን እብድ ውሻ ነክሷት መርፌውን እዚህ ነው ያገኘሁት። ከሞቀ አይሠራም ብለውኛል።»

የሻረግ ሴንሰሩን እንዲያቀዘቅዝበት ጨርቅ አርሳ ሰጠችው። የጄሪካኗን ውኃ ግን ፀሐይ ሲመታው ውሏል፤ መኪናዋ አልነሳችም።

ሰውየው ፔርሙዙን ከፈተ። አንድ እፍኝ በረዶ በመሐረቡ ቋጥሮ ሴንሰሩ ላይ ያዘው፤ አያያዙ ትኩሳት ያለበት ግንባር ላይ እጁን ያሳረፈ ይመስል ነበር።

መኪናዋ ተነሳች። የፔርሙዙን ክዳን ከመግጠሙ በፊት ወደ ውስጥ አየ፤ የሻረግም አብራው አየች። በረዶው ከመርፌው ብልቃጥ በታች ወርዷል፤ ሞጣ ደግሞ ገና ሩቅ ነው።