ተረከዝ ላይ የማይቆይ ቅባት

እስቲ የጦናን ተረከዝ እዩት። ፊታችሁን አታዙሩ! ዕድሜ ልኩን ቀይ አፈር በባዶ እግሩ አርሶ ያበጠ እግር ነው፤ ስንጥቁ የበቆሎ ፍሬ ይውጣል። ወላይታ ውስጥ፣ ጉኑኖ ባለው የእግር ማከሚያ ይህን እግር በየሳምንቱ የምታጥበውና የምትቀባው ዓመለወርቅ ናት። የራሷም እግር እንዲሁ አብጦ ነበር፤ እያጠበች እየቀባች እብጠቱን አጎደለችው። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም።

በ1999 ዓ.ም. የካቲት ላይ የጦና ስንጥቅ ሊገጥም ትንሽ ቀርቶት ነበር። በልግ ሳይገባ ከገጠመ ጫማ አድርጎ ያርሳል፤ ካልገጠመ ጭቃው ይገባበትና በትኩሳት ይወድቃል። ልክ በዚያን ሰሞን እስከዚያ ስትቀባው የነበረው ወፍራም ቢጫ ቅባት አለቀና በምትኩ ከሶዶ ነጭ ሎሽን በካርቶን መጣ።

ጦና ደስ አለው። «ሽታው የሙሽራ ነው! እሁድ እኮ ቸርች ውስጥ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ!»

«ጋሼ ጦና፣ አፍንጫዎን ነው ተረከዝዎን የማክመው?»

በሦስት ሳምንት ስንጥቁ ተመልሶ አፉን ከፈተ። ዓመለወርቅ ከሶዶ የመጣውን ተቆጣጣሪ ኃይለየሱስን በር ላይ ያዘችው።

«እትዬ፣ ቅባት ቅባት ነው» አላት። «ሁለቱም ውሃና ዘይት ናቸው።»

«ወተትና ቅቤም ሁለቱም ውሃና ቅባት ናቸው! ሚስትህ ፀጉሯን ወተት ትቀባለች?»

አንድ እጁን ሎሽን፣ ሌላውን ከቆርቆሮው ጥግ የተረፈውን ቅባት ቀባችውና ውሃ ጠብ አደረገችበት። ከሎሽኑ ላይ ውሃው ነጥቶ ፈሰሰ፤ ከቅባቱ ላይ ድቡልቡል ብሎ ቆመ።

«አየህ? በሎሽኑ ዘይቱ ውሃ ውስጥ ነው የሚዋኘው፤ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ አብሮ ይሄዳል። በዚህኛው ግን ውሃውን የያዘው ቅባቱ ነው፤ ቆዳው ላይ ይቆያል።»

ኃይለየሱስ እጁን በሶፍት ጠረገ። «ገብቶኛል። ግን ቅጹ ላይ ያለው ‹የቆዳ ቅባት› ነው። ቀርቧል ብዬ ሞልቻለሁ።»

ገብቶታል! ባይገባው ይሻል ነበር።

በልጉ ገባ። ጦና ተረከዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ማሳው ወረደ፤ በአራተኛው ቀን በቃሬዛ አመጡት። ጭቃ የጠጣውን ጨርቅ ስትፈታለት «ዓመለ፣ አትቆጪኝ» አላት በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ። እሷ ግን የተቆጣችው በእሱ አልነበረም።

እናንተ ቢሮ ተቀምጣችሁ የእግር ቅባት የምታዙ፣ እባካችሁ፣ ከመፈርማችሁ በፊት እግር የሚያጥቡትን ሰዎች ጠይቁ።