ከቅዳሴ በፊት ያየነው ፊልም

ባለፈው ሳምንት ሁለት እናቶች አንድ ፍላሽ ይዘው ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መጡና፣ ልጆቻቸው ከዚህ ፊልም ላይ ዓይናቸውን መንቀል እንዳቃታቸው ነግረውኝ፣ ‹‹አንተ መምህር አይደለህ? እየውና ለክርስቲያን ልጅ ይሆናል አይሆንም በለን›› አሉኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ቢሸብትም ቢመነኩስም ‹‹አንተ›› ነው፤ ማንም አይቀየምም። ፊልሙን የከፈትኩት መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት የከሰዓት ሙቀት፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ፣ ላፕቶፑ ላይ በቀረችው ባትሪ ነበር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደነገጥኩ። በልጅነቴ ያየኋቸው ሁለት ጀግኖች፣ ያው ተዋንያን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው እንደገና ተገናኝተዋል፤ አንደኛው የነሐስ ጭንብሉን፣ ሌላኛው ሰማያዊውን አጥልቋል። ጭንብሉ ያው ነው፤ ቦርጩ ግን አዲስ ነው። 

የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከግዛቸው ጋር ነው። ግዛቸው የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የሰፈሬ ጓደኛዬ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ድምፁ የሚያምር ነበር፤ እሱ መዝሙር ሲያነሳ ሲያንቀላፉ የነበሩ ሽማግሌዎች እንኳ ቀና ይሉ ነበር። የጾሙ መጨረሻ ቀን በምእመናኑ ሁሉ ፊት መዝሙሩን የሚመራው እሱ እንዲሆን ተመርጦ፣ እናቱ ሙሉ ነጭ ልብስ አሰፍታለት፣ ልብሱ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። እኔ ድምፅ አልነበረኝም። ያለኝ ነገር ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቤም አብዛኛውን ጊዜ ለጥፋት ነበር።

በፍልሰታ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ እንማርና እስከ ስድስት ሰዓቱ ቅዳሴ ድረስ ግቢው ውስጥ ጥላ ፍለጋ እንዞራለን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ ሮብሌ የሚባል ሶማሌ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ካሴቶቹ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጡ፣ ከሥራቸው ዓረብኛ የሚጻፍባቸው ስለሆኑ፣ ሮብሌ ራሱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአማርኛም በሶማልኛም በኦሮምኛም እያደባለቀ ይተረጉምልን ነበር፤ ‹‹ዋሪያ፣ ይህንን ሰውዬ እዩት፣ አሁን ጓደኛውን ይከዳዋል!›› እያለ ገና ያልደረሰውን ይነግረናል፤ እኛም እሱን እንሰማለን እንጂ ፊልሙን አናይም ማለት ይቻላል። አንድ ደንብ ነበረው። ፊልም ከጀመረ በሩን ከውስጥ በብረት መቀርቀሪያ ይዘጋና እስኪያልቅ ለማንም አይከፍትም። በልመና የሚገባ እንዳይኖር ነው ይላል፤ መውጣትም ግን አይቻልም።

ያን ቀን ነጠላችንን እንዳጣፋን ገባን። ‹‹አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል›› ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ካሴቱ ግን እየተያዘ፣ ሮብሌ እያወጣ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገው፣ ስድስት ሰዓት አለፈ። ቆርቆሮው ጣሪያ እላያችን ላይ የሚቀቅለን ይመስላል፤ አየር የሚባል ነገር የለም፤ ከማዶ በድምፅ ማጉያው ቅዳሴው ሲጀመር ይሰማናል። ግዛቸው ተነስቶ ሮብሌን ለመነው። ‹‹ወላሂ፣ የፊልሙ ድልድይ ሳይወድቅ ማንም አይወጣም›› አለው ሮብሌ፣ በፍጹም ደግነት። በእሱ ቤት ለእኛ ማዘኑ ነው። ቀጥሎም አዘነልንና በትንሽ ፌስታል ታስሮ የረጋ፣ ቀይ ቀለም ያለው በረዶ ሰጠን።

እኔ ወዲያው ነከስኩት። ግዛቸው እንቢ አለ፤ ሊቆርብ ነው፣ ቆራቢ ደግሞ ውሃም አይቀምስም። በረዶው እጁ ላይ እየቀለጠ ክርኑ ድረስ ሲወርድ ‹‹አንዴ ብቻ፣ በረዶ ምግብ አይደለም›› ብዬ ፌስታሉን ራሴ አፉ ላይ አስጠጋሁለት። ጠጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ በዚያው ሰዓት ድልድዩ ፈርሶ ሰማያዊው ጀግና ከብረት ሥር ሲቀበር፣ ባለ ነሐሱ ጥሎት ሸሸ።

መቀርቀሪያው እንደተከፈተ ሮጠን ወንጌል ሳይነበብ ደረስን። እየሮጥን ሳለን ከንፈሬንና ምላሴን በነጠላዬ ጫፍ እስኪላጥ ጠርጌ ነበር። የግዛቸው ከንፈር ቀይ እንደሆነ አይቻለሁ። አልነገርኩትም፤ ጊዜ አልነበረም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ግን ‹‹ጥረግ›› ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ልጆች ለመቁረብ ስንሰለፍ ኃላፊያችን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው፣ ግዛቸውን አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት። ሌላ ልጅ ቢሆን ይክድ ነበር። እሱ ‹‹ጠጥቻለሁ›› አለ።

‹‹ከማን ጋር ሆነህ?››

አየኝ። እናቴ ከኋላዬ ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ቆማለች፤ ከፊቴ ሦስት ልጆች ብቻ ቀርተዋል፤ ወደፊትም ወደኋላም መንገድ የለኝም።

‹‹ብቻዬን›› አለ።

ከሰልፉ አወጡት። እኔ ተራዬ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ።

መዝሙሩን ሌላ ልጅ መራው፤ ግዛቸውን አባቱ በቀበቶ ገረፈው፤ ነጩ ልብስ ለታናሽ ወንድሙ ተሰጠ። ግዛቸው ቀስ በቀስ ከቤተ ክርስቲያን ቀረና ያ ድምፅ መልካ ጀብዱ መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪ መጥሪያ ሆነ፤ ዛሬ ከመልካ ጀብዱ ወደ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነው። እኔ ደግሞ፣ ሳይቆርብ የቀረው ልጅ ጠፍቶ በድፍረት የቆረብኩት እኔ፣ መምህር ሆንኩ። በጎረምሳነቴ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፣ ጾምኩ። ‹‹ከወንድምህስ?›› ሲሉኝ ግን ‹‹ታርቀናል›› አልኳቸው። ኃጢአቴን ልጥል ሄጄ ሌላ ተሸክሜ ተመለስኩ። ከወንድሙ ሳይታረቅ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የሚሄደውን ሰው ታሪክ በየዓመቱ ለልጆች አስተምራለሁ፤ ድምፄም አይንቀጠቀጥም። ድሬ ደግሞ ጠባብ ናት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳላገኘው አልቀርም። ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፣ እንቀላለዳለን፣ ወሬው ወደ ልጅነት ሲዞር እኔ ወደ ሽንኩርት እመልሰዋለሁ።

በአዲሱ ፊልም ባለ ነሐሱ ያረጀ ጉልበቱን እየጎተተ መጥቶ፣ ሰማያዊውን ከሌላ ፍርስራሽ ሥር ያወጣዋል። ይተያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ይተቃቀፋሉ፤ ሙዚቃ ይነሳል። ‹‹ያን ቀን ጥዬህ ሸሸሁ›› የሚል ቃል ከአንዱም አፍ አይወጣም። ልጆቹ ለምን እንደወደዱት ገባኝ። እኔም ወደድኩት፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ምክንያቱም ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቅ የኖርኩት እንዲህ ያለውን መገናኘት ነበር። የግዛቸው ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት ይዤው የሮጥኩት፣ መኪናው ሲቆም ልብሴ ዘይት እስኪሆን የገፋሁት፣ ሳልናገር የሚያልቅ ዕርቅ ስፈልግ ነው። በእኛ ሃይማኖት ግን ጉልበት ንስሐን አይተካም፤ አፍ መከፈት አለበት።

ላፕቶፑን ዘግቼ ቀፊራ ሄድኩ። ግዛቸው የመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጭነት እስኪወርድ ይጠብቃል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሰላምታም ሳልጨርስ ሁሉንም ነገርኩት፤ በረዶውን እኔ አፉ ላይ እንዳስጠጋሁ፣ ከንፈሩን አይቼ ዝም እንዳልኩ፣ እንደቆረብኩ፣ ‹‹ታርቀናል›› ብዬ እንደዋሸሁ። ‹‹ይቅር በለኝ›› አልኩት። 

ግዛቸው ሳቀ። ‹‹አቦ ተወና! ‹ብቻዬን› ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ማን አስገደደኝ? እናትህ ቆማ እያየኋት ምን ልል ኖሯል?›› አለኝ። ‹‹እግዜር ይቅር ይበልህ። እኔ ይህን በልቤ አልያዝኩም።››

እፎይ ልል አፌን ስከፍት እሱ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። ‹‹የያዝኩት ሌላ ነው። አባቴ ከገረፈኝ በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ። እናቴ ‹ግባ› ስትለኝ ‹ቆይ፣ እሱ ይመጣል› አልኳት። በማግስቱም ጠበቅኩ። ጾሙ እስኪፈታ ጠበቅኩህ። አንተ፣ ለምን አልመጣህም?››

የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት ሦስት በር ብቻ ነበር የሚራራቁት።