የሟቹ እናት የጠየቁኝ ነገር

ወሬው የደረሰኝ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር በምሠራበት ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። የደወለችልኝ አብራኝ የምታበስለው ባልደረባዬ ናት። የደቡብ ሱዳን ልጅ ብትሆንም በስደት ያደገችው ጋምቤላ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ያን ቀን ግን ተንተባተበች።

«እህቴ፣ ወንድምሽ በመኪና... ጉምቦ፣ ድልድዩን ተሻግሮ...»

«ሞተ?»

«እሱስ ተርፏል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«ቆይ እስቲ፣ አታመስግኚ። የቦዳቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂ ገጭቶ ገድሏል። ወንድምሽ ሰክሮ ነበር።»

ቢላዋውን አስቀምጬ ሽርጤን ፈታሁ።

ታናሽ ወንድሜ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። የጁባ ክለብ ሲያስፈርመው እናታችን «ብቻውን አይሄድም» ብላ እኔን አስከተለችው። ያን ቀን ከሰዓት ሁለት ጎል አግብቶ ነበር። ደጋፊዎቹ ቢራ ደረደሩለት፤ ከእነሱም አንዱ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠው። ክለቡ ወዲያው ውሉን አፈረሰ። አሁን ማንም ስለ ጎሎቹ አያነሳም።

እኔን ያስፈራኝ ውሉ አይደለም። የሟቹ ወንድሞች እሱ በታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ደም ሊመልሱ ቆመው ይውላሉ። ሌላው ሰው የታሰረበት እንዲፈታለት ይሳላል፤ እኔ ግን «ድንግል ሆይ፣ ዛሬን አይፍቱት» እያልኩ አነጋለሁ።

«ለቅሶ ልድረስ» አልኳት ባልደረባዬን።

«አበድሽ? እዚህ የገዳይ ዘመድ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ደጅ አይረግጥም።»

«ሰው ሞቶ እንዴት ዝም ይባላል?»

«በይ እንግዲህ፣ አብረን እንሙታ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ የጋገርኩትን ዳቦ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ገባን። ድልድዩን ተሻግረን ጉምቦ ወረድን።

ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ስንገባ ሁሉም ዞረው አዩን። እናትየው እግር ስር ተንበርክኬ «ማሌሽ፣ ማማ» አልኩ፤ ይቅርታ ለማለት የማውቀው የዚህ አገር ቃል እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ዳቦውን አወጣሁ። የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን ይሄዳል?

ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ዘሎ ተነሳና ዳቦውን ከእጄ ነጥቆ ከአጥሩ ውጭ ወረወረው።

«ደም ሳይታረቅ የእናንተን እህል ከቀመሱ ሞት ይከተላቸዋል» አለችኝ ባልደረባዬ በጆሮዬ። «ምነው ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ባየሁት ኖሮ!»

ሰውየው ፊቴ ቆሞ ይተነፍሳል። ዓይኔን ጨፍኜ በስመ አብ አልኩ። እናትየው እጃቸውን አነሱ፤ እሱም ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ባልደረባዬ አስተረጎመችልኝ።

«ወንድምሽ ልጄን መንገድ ላይ ጥሎት ሸሸ ወይስ አብሮት ቆየ? ይህን ብቻ ንገሪኝ። ቆይቶ ከሆነ ልጆቼን ይዤ ለሽማግሌ እቀመጣለሁ። ሸሽቶ ከሆነ ግን እኔም አልይዛቸውም።»

«ቆይቷል» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የልጃቸው ነፍስ ያለችበትን ነገር በምን አፌ ልዋሽ?

«አላውቅም፣ ማማ» አልኩ።

ወንድሜም ራሱ አያውቅም። «እቴ፣ የማስታውሰው መስታወቱ ሲረግፍ ብቻ ነው» ይለኛል። ፖሊስ ያገኘው ከመኪናው ራቅ ብሎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ነው። እጁ ላይ ጭረት የለም፤ የማልያው እጅጌ ግን እስከ ክርኑ ደም ነው። አንዳንዴ ይህ ደም ደግፎት ይሆናል እያለ ተስፋ ይሰጠኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይቶት ጥሎት ሄደ ያሰኘኛል።

ያን አመሻሽ ጉምቦ መንገድ ላይ የነበራችሁ፣ ሞተር ያቆማችሁም፣ ውሃ የምትሸጡም፣ ከሚኒባስ መስኮት ያያችሁም፦ እባካችሁ ሄዳችሁ ለሟቹ እናት ንገሯቸው። ለእኔ አዝናችሁ አትዋሹ። ወንድሜ ደግፎት ከሆነ ደገፈው በሉ፤ ሸሽቶም ከሆነ ሸሸ በሉ። ብቻ አትዘግዩብኝ፤ የሟቹ ወንድሞች ዛሬም ጣቢያው በር ላይ ናቸው።